ቀስ ብሎ መሮጥ፣ በሰዓቱ መብላት

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ሩጫና ስለ ምግብ ነው። መሮጥ ለምታስቡ፣ ለጀመራችሁ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጀምራችሁ ላቆማችሁ የተሰናዳ ነው።

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ የሚካሄደው ኅዳር ላይ ነው። በአዲሱ ዓመት መግቢያ ለሚጀምር ሰው አሥር ሳምንት ያህል ይቀረዋል። ይህ ውድድር በኅዳር 1994 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ 10 ሺህ ሰው ነበር የተሳተፈው፤ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ኃይሌ ገብረ ሥላሴም ራሱ ሮጦ አሸነፈ። ዛሬ የተሳታፊው ቁጥር ከ40 ሺህ አልፏል። ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ውስጥ ለማሸነፍ የሚሮጠው ጥቂት ነው። የቀረው የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ተማሪ ነው፤ ነርስ ነው፤ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። እኔም ዛሬ የማወራው ከእሱ ጋር ነው።

በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንታት በማለዳ መስቀል አደባባይ ወይም ጃንሜዳ ብትሄዱ አዳዲስ ፊቶች ታያላችሁ። ጥቅምት ሲጋመስ ይሳሳሉ። አንዱ ጉልበቱን አሞታል፤ ሌላዋ ቅልጥሟ ፊት ለፊት ያቃጥላታል፤ ሌላው ሆዱን ቆርጦት ሩጫ አይስማማኝም ብሎ ተቀምጧል። እነዚህ ሰዎች ሰነፎች አይደሉም። እንዲያውም አብዛኞቹ በመጀመሪያው ቀን አቅማቸው የቻለውን ያህል የሮጡ፣ በሁለተኛው ቀን ደግሞ እልህ ይዟቸው የጨመሩ ናቸው። ያስቆማቸው ፍጥነታቸው ነው፤ እሱ ካላስቆማቸው ደግሞ ያለ ሰዓቱ የበሉት ምግብ ነው። ሁለቱንም ማስተካከል ይቻላል። ለዚህም ከውጭ የመጣ ዱቄት፣ በማሸጊያ የሚሸጥ የስፖርት መጠጥ አያስፈልግም።

ከፍጥነቱ እንጀምር።

እንጦጦ ጫካ ወይም ሰንዳፋ አካባቢ አትሌቶች በማለዳ ሲለማመዱ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚገርመው ዝግታቸው ነው። ስምንት ወይም አሥር ሆነው አንዱ ከሌላው ኋላ ይሰለፋሉ። መሪው በባሕር ዛፎቹ መካከል ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዘ ዳገቱን ይወጣል፤ ተከታዮቹ የፊተኛውን እግር እያዩ ይረግጣሉ። ሥር ወይም ድንጋይ ሲያጋጥም የፊተኛው ጣቱን ጠቅ አድርጎ ከኋላው ላለው ያመለክታል። መሪውን ማንም አያልፍም። በዝግታ ቀን የሚያልፍ ሰው ካለ ይወቀሳል። በ2016 ዓ.ም. የፓሪስ ኦሊምፒክ ታምራት ቶላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ሲያሸንፍ አንዱን ኪሎ ሜትር የጨረሰው በአማካይ በ3 ደቂቃ ነው። በዚህ ደረጃ ያሉ ሯጮች በዝግታ ቀናቸው አንዱን ኪሎ ሜትር ለመጨረስ 5 ደቂቃና ከዚያም በላይ ይወስዳሉ። ፈጣኑ ልምምድ በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ኮንዲሽን የሚሉት ብቃት የሚመጣው ከቀሪዎቹ ቀናት ጭምር እንደሆነ አሠልጣኞቻቸው ያውቃሉ፤ እነሱም ያውቃሉ። ታዲያ የዓለም ሻምፒዮኖች ቀስ የሚሉበትን ነገር ከቢሮ ወንበር የተነሣ ሰው ለምን ይቸኩልበታል?

የዝግታው ምክንያት ሰውነታችን ውስጥ ነው። ልብና ሳንባ ቶሎ ይለምዳሉ። አዘውትሮ የሮጠ ሰው በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ትንፋሹ ሲሻሻል ይሰማዋል። ጅማትና አጥንት ግን ቀርፋፎች ናቸው፤ ለመጠንከር ወራት ይፈልጋሉ። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ትንፋሹ የተስተካከለለት ሰው «አሁንማ ቻልኩ» ብሎ ርቀቱን እጥፍ ያደርጋል፤ ቅልጥሙ ግን ገና አልደረሰለትም። ጥቅምት ላይ ሰው የሚሳሳው በዚህ የተነሣ ነው።

ስለዚህ መለኪያችሁ ሰዓት ወይም ስልክ አይሁን፤ ንግግር ይሁን። እየሮጣችሁ ከጎናችሁ ላለው ሰው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትቆራርጡ መናገር ከቻላችሁ ፍጥነቱ ልክ ነው። ካልቻላችሁ ቀንሱ፤ አሁንም ካልቻላችሁ ተራመዱ። ሃምሳዎቹን የተሻገሩ አንዲት እናት ጃንሜዳ ላይ «ይሄን ያህል ቀስ ብሎም ሩጫ አለ እንዴ? የሚራመደው ሰው እኮ ሊያልፈኝ ነው» አሉኝ። «አለ፣ እትዬ፤ ይለፍዎት» አልኳቸው። አሁንም የምለው ይህንኑ ነው።

ለጀማሪ የምመክረው እንዲህ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በመካከሉ የዕረፍት ቀን እያደረጋችሁ ውጡ። አምስት ደቂቃ ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ። ከዚያ አንድ ደቂቃ ሩጡ፣ ሁለት ደቂቃ ተራመዱ፤ ይህን እየደጋገማችሁ ሁሉም በሁሉም ግማሽ ሰዓት ይሙላ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ሩጫውን ሁለት ደቂቃ፣ እርምጃውን አንድ ደቂቃ አድርጉት። ሰውነታችሁ ካጉረመረመ ያንኑ ሳምንት ድገሙት፤ ማንም አይከሳችሁም። በስድስተኛው፣ በሰባተኛው ሳምንት ሃያ ደቂቃ ሳያቋርጡ መሮጥ ይመጣል። ኅዳር ላይ አሥሩን ኪሎ ሜትር ግማሹን እየሮጣችሁ፣ ግማሹን እየተራመዳችሁ ብትጨርሱት እንኳ ጨርሳችኋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ወይም 75 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ነው። ሦስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ስትሮጡ፣ ስትራመዱ ቆይታችሁ ታክሲ ከሚያወርዳችሁ አንድ ፌርማታ ቀድማችሁ እየወረዳችሁ ቢሮ በእግር ብትገቡ ሳምንቱ ይሞላል።

ከወደ ቆላ ለመጣችሁና ከውጭ አገር ለምትገቡ አድማጮቻችን አንድ ቃል ልበል። ለታላቁ ሩጫ ብለው ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ፣ ከዓረብ አገር የሚመጡ ወገኖች አሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እንጦጦ አናት ላይ ደግሞ 3,000 ሜትር ይታለፋል። በዚህ ከፍታ አንድ ጊዜ ስንተነፍስ የምናገኘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው ያንሳል። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ላይ አሥር ኪሎ ሜትር ያለ ችግር የሚሮጥ ሰው ቦሌ በወረደ በማግስቱ በሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቢያለከልክ በሽታ አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ተራመዱ፣ ውሃ ጠጡ፣ በደንብ ተኙ። ከቻላችሁ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ግቡ።

ስለ መሬትና ስለ ጫማ አጠር አድርጌ ልለፍ። አትሌቶቻችን አስፋልት የሚረግጡት ቆጥበው ነው። ሣር፣ የጫካ መንገድ፣ ኮሮኮንች ይመርጣሉ። ከሰፈራችሁ አጠገብ ሜዳ ካለ እሱን ዙሩ። አስፋልት ብቻ ካለ በማለዳ፣ መኪናና ጭሱ ሳይበዛ ሩጡ፤ መኪናው ፊት ለፊት እንዲታያችሁ በግራ ጠርዝ ሁኑ። ጎሕ ሳይቀድ አትውጡ፤ ብቻችሁን ባትሆኑ ደግሞ የተሻለ ነው። ማዳመጫ ጆሮ ላይ አይሁን፤ መኪናውም ውሻውም መሰማት አለበት። ጫማ ውድ መሆን የለበትም። ከቦንዳ የተገዛም ቢሆን ጣት የማያጣብቅ፣ ተረከዙ በአንድ ወገን ያልተበላ፣ ሶሉ ያልደረቀ ከሆነ ይበቃል። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸንፏል የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እውነት ነው። ቀጥሎ በነበረው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ግን ጫማ አድርጎ ደግሞ አሸንፏል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ማዕዱ እንምጣ። እዚህ ላይ ብዙ የምለው አለኝ።

ክብደት ለመቀነስ ብላችሁ የምትሮጡ ከሆነ አንድ ስሌት ልብ በሉልኝ። ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የሚያቃጥለው ካሎሪ በግምት ከኪሎው ጋር ይቀራረባል። 65 ኪሎ የምትመዝን ሴት በአንድ ኪሎ ሜትር 65 ካሎሪ ገደማ ታወጣለች። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ደግሞ 120 ካሎሪ ገደማ አለው። እንግዲህ ወጡ ላይ በእጅ ግምት ያፈሰስናት አንዲት ተጨማሪ ማንኪያ ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ሩጫ ትወስዳለች ማለት ነው። ስለዚህ «እየሮጥኩ ለምን አልቀነስኩም?» የሚል ሰው መጀመሪያ ድስቱን ይመልከት። እናቶቻችን ሽንኩርቱን ያለ ዘይት፣ ጠብ ጠብ እያደረጉ በውሃ ያቁላሉ ነበር፤ ዘይቱ የሚገባው ኋላ ነው። ይህን ዘዴ መልሳችሁ ያዙት። ዘይቱን ከጀሪካን በቀጥታ አታፍስሱ፤ በማንኪያ ለኩት። ለአምስት ሰው ወጥ ስንት ማንኪያ እንደገባ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትቆጥሩ ትደነግጣላችሁ።

ሻዩም እንዲሁ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ነው። በስኒ ሦስት ማንኪያ፣ በቀን ሦስት ስኒ ካልን 36 ግራም ደረስን። የዓለም ጤና ድርጅት ባይታለፍ መልካም ነው የሚለው መጠን ደግሞ በቀን 25 ግራም አካባቢ ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻውን 30 ግራም አካባቢ ስኳር ይዟል። ከሩጫ በኋላ ላብ ወርዶኛል ብሎ ለስላሳ የሚከፍት ሰው የሮጠውን እየመለሰ ነው። ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ይሁን ይባላል። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበት ሊሆን ስለሚችል ወጡን ሳትቀምሱ አትጨምሩ። የደም ግፊት ያለበት ሰው በቤት ውስጥ ካለ ይህ የበለጠ ይመለከታችኋል።

እንጀራችን ግን የሯጭ ምግብ ነው። ጤፍ ለጡንቻ ነዳጅ የሚሆን ኃይል ሰጪ አለው፣ አሰር አለው፣ ብረት አለው። ስለ ብረቱ ግን ጠለቅ ብለን እንየው፤ ምክንያቱም «ጤፍ እየበላሁ ደም ማነስ አይዘኝም» የሚል ሰው ብዙ ነው። ጤፍ ውስጥ ከሚለካው ብረት የተወሰነው ውድማ ላይ በሬ ሲያበራየው ከአፈር የተቀላቀለ ነው፤ ይህንን አንጀታችን በደንብ አይወስደውም። የእህሉን የራሱን ብረትም ቢሆን በእህል ውስጥ የሚገኝ ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር አስሮ ይይዘዋል። እዚህ ላይ እርሾ ይረዳናል። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ፋይቴቱ ይሰባበራል፤ ብረቱም ይፈታል። በደንብ የቦካ እንጀራ ከችኩል እንጀራ የሚበልጠው በጣዕም ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው ረዳት ከእንጀራው ጎን የሚቀመጠው ነው። ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ ቫይታሚን ሲ አላቸው፤ ቫይታሚን ሲ ደግሞ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት አንጀት እንዲቀበለው ያግዛል። ምስር ወጥ ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግ፣ ከሽሮው ጎን የቲማቲም ሰላጣ በቃሪያ ማቅረብ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ጥቅሙ ግን በተለይ በየወሩ ደም ለሚፈስሳቸው ሴት ሯጮች ትልቅ ነው። ጎመንና ካሮትም ከማዕዱ አይጥፉ።

ተቃራኒውን የሚያደርገው ቡናና ሻይ ነው። ቡና የምንወደው ነገር ነው፤ አትጠጡ አልላችሁም። እንዲያውም ከሩጫ በፊት አንድ ሲኒ ቡና ጉልበት እንደሚሰጥ የታወቀ ነው። ነገር ግን ከምሳ ጋር ወይም ማዕዱ ሳይነሣ ከተጠጣ በውስጡ ያሉት ንጥረ ነገሮች ብረቱን ይይዙታል። አንድ ሰዓት ያህል ይዘግይ። ምሳ ስድስት ሰዓት ተኩል ከተበላ ጀበናው ሰባት ሰዓት ተኩል ይጣድ። እንግዳ ሲመጣ ይህ እንደማይከበር አውቃለሁ፤ በዘወትር ቀን ግን ይቻላል። ያለ ምክንያት የሚደክማችሁ፣ ደረጃ ስትወጡ ልብ የሚመታባችሁ፣ ሩጫው ከሳምንት ሳምንት የሚከብዳችሁ ሴቶች ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ደማችሁን ተመርመሩ። የብረት ክኒን ራሳችሁ ገዝታችሁ አትዋጡ።

የምንበላበት ሰዓት ደግሞ ከምግቡ ዓይነት እኩል ወሳኝ ነው። ሽሮም ምስርም ጥሩ ምግብ ነው፤ በልቶ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ለሚሮጥ ሰው ግን ሆዱን ይነፋዋል፣ ጎኑን ይወጋዋል። አሰርና ቅባት ከጨጓራ ቶሎ አይወጡም። ከበድ ያለ ምግብ ከበላችሁ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ቆዩ። ጨጨብሳ በቅቤ ከሩጫ በፊት አይሞከርም። በማለዳ ግማሽ ሰዓት ብቻ የምትሮጡ ከሆነ ውሃ ጠጥቶ መውጣት ይበቃል፤ ራስ የሚያዞራችሁ ካላችሁ ሙዝ ብሉ ወይም በሶ ጠጡ።

በሶ ከመንገደኛና ከዘማች ጋር የኖረ ምግብ ነው፤ የዛሬ ሯጮችም አልተዉትም። ገብሱ ተቆልቶ ስለተፈጨ እንደገና ማብሰል አያሻውም። አሠራሩን ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ስለሚጓጉልበት ይተወዋል። ክዳን ባለው ጠርሙስ መጀመሪያ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይግባ። በሶው ቀድሞ ከገባ ከታች ተጣብቆ ይቀራል። ከዚያ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማር፣ ሁለት ጣት የያዘችውን ጨው ጨምራችሁ ክዳኑን ግጠሙና አረፋ እስኪያወጣ ነቅንቁት። ከመሮጣችሁ ሦስት ሩብ ሰዓት በፊት ግማሹን፣ ስትመለሱ ቀሪውን ጠጡት።

ከሩጫ መልስ ባሉት ሁለት ሰዓታት ውስጥ ቁርስ መብላት ያስፈልጋል። ያኔ የሚገባው ምግብ ጡንቻ እንዲጠገን ይረዳል። እንቁላል በዳቦ፣ ፉል፣ ቅንጬ ከወተት ጋር፣ የትናንቱ ምስር በእንጀራ፤ ከእነዚህ አንዱ። ቦምቦሊኖና ፓስቲ ዘይት ጠጥተው የወጡ ስለሆኑ ዘወትር አይሁኑ። በቢሮ መሳቢያ የምታስቀምጡት ነገር ከፈለጋችሁ ቆሎ አለላችሁ፤ ገብስ ከሽምብራ ጋር።

ውሃን በተመለከተ ደንቡ ቀላል ነው። ሲጠማችሁ ጠጡ፣ የሽንታችሁንም ቀለም እዩ። ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከጠቆረ ጨምሩ።

ጾምን በተመለከተ ብዙ ትጠይቃላችሁ። ለታላቁ ሩጫ የምንዘጋጅበት ጊዜ በከፊል ከጽጌ ጾም ጋር ይገጥማል፤ የፈቃድ ጾም ቢሆንም የሚጾሙት ብዙ ናቸው። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ አሉ። ጾምና ሩጫ አይጣሉም። ፍስክ ሲቀር የሚቀረውን ፕሮቲን ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ባቄላ ይተካሉ። ጥራጥሬና እህል አንድ ላይ ሲበሉ የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሞላል፤ እንጀራ በሽሮ ይህንኑ ያደርጋል። ተልባ ለልብ የሚበጅ ቅባት አለው፤ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ በውሃ ይጠጣል። ቫይታሚን ቢ12 ግን ከእንስሳት ተዋፅኦ ስለሚገኝ ዓመቱን ሙሉ ፍስክ የማይቀምሱ ሰዎች ሐኪም ያማክሩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም ሳይቀምሱ የሚቆዩ ሰዎች ሩጫውን ወደ ምሽት ያዛውሩት። ረመዳንን የሚጾሙ አድማጮቻችንም እንዲሁ፤ መግሪብ ሊደርስ ሲል ሃያ ደቂቃ በዝግታ ሮጦ በቴምርና በውሃ ማፍጠር፣ ወይም ካፈጠሩ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ መሮጥ ይቻላል። በሁለቱም ጊዜ ፈጣን ልምምድ አይደረግም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም ስኳር ያለባችሁ፣ ከ40 ዓመት በላይ ሆናችሁ ለረጅም ጊዜ ያልተንቀሳቀሳችሁ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም ይያችሁ። ኢንሱሊን የምትወስዱ ሰዎች ሩጫ የደም ስኳርን ስለሚያወርድ ከረሜላ በኪስ ይዛችሁ ውጡ። እየሮጣችሁ ደረታችሁን ከተጫናችሁ፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ወዲያው ቁሙ፤ ያለፈ ቢመስላችሁም ሐኪም ቤት ሂዱ። በአንድ ቦታ ላይ የጸና፣ በጣት ሲነካ የሚያም የአጥንት ሕመምም በልምምድ አይለቅም፤ ዕረፍትና ምርመራ ይፈልጋል።

የውድድሩ ሳምንት ሲደርስ አዲስ ነገር አትሞክሩ። አዲስ ጫማ አይሁን፣ ያልለመዳችሁት ምግብ አይሁን። ቅዳሜ ማታ ክትፎና ጥሬ ሥጋ ይቅር፤ እንጀራ በአልጫ፣ ፓስታ ወይም ሩዝ በልታችሁ በጊዜ ተኙ። እሑድ ጠዋት ከመነሻው ሁለት ሰዓት አስቀድሞ ዳቦ በማር ከትንሽ ሻይ ጋር ብሉ። የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ላይ ሕዝቡ እየጨፈረ፣ እየተጋፋ ስለሚሄድ መፍጠን ያምራችኋል፤ ጉልበቱ በኋላ ስለሚፈለግ እዚያ ላይ አታባክኑት። ስትጨርሱ ወዲያው አትቀመጡ፤ አሥር ደቂቃ ተራመዱ፣ ውሃ ጠጡ፣ ከዚያ ቁርስ። ሰኞ ዕለት ባታችሁ ደረጃ ስትወርዱ ያማችኋል፤ በሁለት ሦስት ቀን ይለቃል። ሐሙስ ወይም ዓርብ ሃያ ደቂቃ በዝግታ መውጣት ትችላላችሁ።